ሐሙስን ተዉልኝ

የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬን ሳስተምር የመጨረሻዬ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አስረኛ ክፍል። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጀምሬ ሐዋሳ ላይ ስደርስ ደወል ተደወለ። «ማክሰኞ እንጨርሰዋለን» ብዬ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ሰኞ ዕለት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ተነገረ። ሰኔ ላይ ጡረታዬ ደረሰ። ሽኝት የለ፣ ጋቢ የለ፣ ንግግር የለ። ማስክ አድርጌ ሄድኩና ደብዳቤዬን በመስኮት ተቀብዬ ተመለስኩ። አባያንና ጫሞን ሳላስተምራቸው የቀሩ ልጆች እስካሁን አሉብኝ።

ይኸው ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ሁለት ዓመት የቀራችሁ ሰዎች በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ «እንዴት ነው ነገሩ?» ትሉኛላችሁ። እንደ ሰላምታ ስለሆነ እኔም «እግዜር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። እዚህ ግን ዘርዘር ላድርገው።

በወረቀቱ ልጀምር። የሚያናድደው እሱ ስለሆነ ቶሎ ይለቅልን።

እናቴ እንደምትቆጥረው የተወለድኩት በ1954 ነው። መንግሥት እንደሚያውቀው ደግሞ በ1952። ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጅ ሆኜ ደብል መትቼ ስለነበር አስራ ሁለተኛን በአስራ ስድስት ዓመቴ ጨረስኩ። መምህራን ማሰልጠኛ ስመዘገብ «ገና ልጅ ነህ» ብለው እንዳይመልሱኝ ሁለት ዓመት ጨመርኩ። በ1971 ስቀጠር የሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይም ያንኑ ሞላሁ። ያኔ ሁለት ዓመት ምን ያደርጋል? አርባ አንድ ዓመት ቆይቶ መጣና ያዘኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ «ስልሳ ሞልቶሃል» ተባልኩ። የሚታየው መጀመሪያ ስትቀጠር ያስመዘገብከው ዕድሜ ነው። በኋላ የልደት ካርድ ብታወጣ፣ የክርስትና አባትህን ብታስመሰክር ለውጥ የለውም። ስለዚህ ፋይላችሁ ውስጥ የተጻፈውን ዓመት ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩት። አትቀይሩትም፤ ግን ቢያንስ ሳታስቡት እቤት አትውሉም።

ስሌቱንም ቀድማችሁ እወቁት። ለመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ያስገኛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 ነው። እኔ 41 ዓመት ስላገለገልኩ 68.75 በመቶ ደረሰኝ። አንድ ዓመት ብቆይ ኖሮ ጣሪያውን እነካ ነበር፤ ያንን አንድ ዓመት ደግሞ ራሴው በልቼዋለሁ። እና ልብ በሉ፣ የሚሰላው ከመጨረሻው ደመወዛችሁ አይደለም። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። አበል አይገባበትም። አንድ ጓደኛዬ የቤት አበሉን፣ የኃላፊነት አበሉን ሁሉ ደምሮ በጀት አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን የጡረታ ብር ሲያይ ባንክ ቤቱ ተሳስቷል ብሎ ተጣላ።

ደግሞ ወረቀት አትጣሉ። እኔ ሦስት ቦታ ነው የሠራሁት። ከአንደኛው «ፋይልህ ጠፍቷል» ተባልኩ። ያወጣኝ በ1977 የተዛወርኩበት ደብዳቤ ግልባጭ ነው፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ባለቤቴ ያንን ቆርቆሮ ስንት ጊዜ «ልጣለው» እንዳለች አልናገርም።

የጋብቻ ወረቀትም አለ። እኛ በሽማግሌ፣ በዘፈንና በጠጅ ነው የተጋባነው። ወረቀት የሚባል ነገር ትዝ ያለውም የለ። አንዲት ጎረቤታችን ግን 38 ዓመት አብራው የኖረች ባሏ ሲሞት ሚስትነቷን ለማስመስከር ፍርድ ቤት ስትመላለስ አየኋት። ጡረተኛ ሲሞት ለሚስቱ የሚቀጥለው ግማሹ ነው። ግማሹንም ለማግኘት ሚስት መሆንሽ በወረቀት መታየት አለበት። ያን ሳምንት ባለቤቴን ይዤ ወረዳ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ቀና ሳትል «ሙሽሮቹስ?» አለችን። ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እስክትወጣ ድረስ ሳቀች። ፎቶውን ስንነሳም እየሳቀች ነበር። ወረቀቱ ላይ እሷ ፈገግ ብላ፣ እኔ ኮስተር ብዬ አለን።

ወረቀቱ ይብቃ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር አካባቢ አንድ አባባል ቤታችን ገባ። «አባዬ፣ አንተ እቤት ነህ አይደል?» መጀመሪያ ወንዱ ልጄ አመጣት። ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳመጣለት ነው። ከዚያ ባለቤቴ ወሰደቻት። ከዚያ ዕድሩ። «ጋሼ እቤት ስለሚውሉ መዋጮውን እሳቸው ቢሰበስቡ» ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ደግሞ «ሰው ይመጣልና በርበሬና ሽሮ ላኩልኝ» ትላለች። በርበሬው ከገበያ እስኪገዛ፣ እስኪቀነጠስ፣ እስኪሰጣ፣ እስኪፈጭ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ሻንጣውን በእጅ ሚዛን አንጠልጥዬ 23 ኪሎ እንዳያልፍ ከሚሄደው ሰውዬ ጋር ስንከራከር ማምሸት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን የሚሞላው ማን ይመስላችኋል? እቤት ያለው ሰው ነዋ።

መላላኩን ግን አልጠላሁትም። በተለይ ወፍጮ ቤት።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጤፍ ተሸክሜ ገባሁ። ያሉት ሁሉ ሴቶች ናቸው። ፊታቸው፣ ቅንድባቸው ዱቄት። ጆሮ የሚደፍን ጩኸት። እኔ እንደ ሰለጠነ ሰው ወረፋዬን ጠብቄ ሰጠሁ፣ ተፈጨልኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ከረጢቱን ከፈተች። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አሸት አሸት አደረገችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። «ከፊትህ የነበረው ሰው ምን አስፈጨ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! «ማሽላ ነው» አለች። «ቀይ ማሽላ። ይኸው ጤፌን አቀላብኝ።» ለካ ወፍጮ ቤት የሚጠየቀው «መጨረሻው ማነው?» ብቻ አይደለም፤ «ከእኔ በፊት ምን ነበር?» ነው። ነጭ ጤፍ ከማሽላ ቀጥሎ አይገባም። ከበርበሬ ወፍጮማ ጭራሽ አይደረስም። አሁን ስገባ ሴቶቹ ራሳቸው «መምህር፣ ቆይ ይቺ ጤፍ ትለፍና ይግቡ» ይሉኛል። አርባ አንድ ዓመት አስተምሬ ክፍል ውስጥ አንደኛ የወጣሁት ወፍጮ ቤት ነው።

ባንክ ሌላ ነው። ጡረታ የሚገባበት ሰሞን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ሰልፍ አለ። ብሩ የትም አይሄድም። ካርዱ አለን፣ ማሽኑ ውጭ ቆሟል። ልጄ «አባዬ፣ በቴሌብር አዛውረው፣ ለምን ትደክማለህ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ያ ሰልፍ የብር ሰልፍ ብቻ አይደለም። ስም ጥሪ ነው። «እኚያ ኮፍያ የሚያደርጉት ሰውዬስ?» እንባባላለን። ሁለት ወር ያልመጣ ካለ አንዱ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ካርዱን ያዙ፣ ስልኩንም ልመዱ፤ በወር አንዴ ግን ሰልፉ ላይ ታዩ።

ስልኩን ስትለምዱ ደግሞ ይቺን ስሙ። አንድ ቀን አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ ደወለልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት አባቴ፣ ሽልማት ደርሶዎታል» አለ። አባቴ ሲለኝ ልቤ ራራ። ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ ቁጥሩን ማንበብ ስጀምር የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ዘጋው። «አባባ፣ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው!» ነጥቆ ሲወስድ ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለባንክ ሠራተኛም፣ «አባቴ» ለሚል ድምፅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ሞላ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ በዚያ ሳምንት ውስጥ ራሴ ፈልጌ የሄድኩበት አንድም ቦታ አልነበረም። ሁሉም ተልኬ ነው። በሥራ ላይ እያለሁ እንኳ ከፔሬድ ፔሬድ የራሴ አርባ ደቂቃ ነበረችኝ። እራት ላይ «ከእንግዲህ ሐሙስን ተዉልኝ» አልኩ። ባለቤቴ «ሐሙስ ምን አለ?» አለች። «ምንም የለም። ለዚህ ነው» አልኳት። ልጄ ምራቁን ዋጥ አድርጎ «እሺ» አለ። ልጁን ማን ያምጣው እያለ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይኮረፋል፤ ቻሉት። በወሩ ይለምዱታል። ምክር ከጠየቃችሁኝ የማልደራደርበት ይሄ ነው፤ ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ፣ አንድ ብቻ ትሁን፣ ጡረታ በወጣችሁ በመጀመሪያው ወር አስታውቁ። ዓመት ከቆያችሁ እንደ እኔ አድማ የመታችሁ ይመስላል።

የመጀመሪያው ሐሙስ ግን የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ሱፌን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡስ ያዝኩ። እግሬ ለገሃር አወረደኝ። የአንበሳው ሐውልት ፊት ለፊት ሻይ ይዤ ተቀመጥኩና የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሕንፃ ሳይ ዋልኩ።

ያንን ባቡር በደንብ አውቀዋለሁ። በ1970ዎቹ መተሃራ ሳስተምር ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ክረምት በገባ ቁጥር ቤተሰቦቿ ጋ በባቡር እንወርዳለን። ሐዲዱ ፈረንሳዮች የዘረጉት ነው። በ1895 ድሬዳዋ ገባ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909። ከጅቡቲ እስከዚህ 784 ኪሎ ሜትር። ይህንን ክፍል ውስጥ ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ያላስተማርኩት የሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩን ነው። እንጨት። ሌሊቱን ሙሉ ወገብህን እየነገረህ ያድራል። አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆም ሲል በመስኮት ሻይና የተቀቀለ እንቁላል ይገባል። ስትመለስ ደግሞ ሌላ ቲያትር አለ። የኮንትሮባንድ ጨርቅ የሚነግዱት ሴቶች ፈታሹ ፊናንስ ከመግባቱ በፊት ተሳፋሪውን ማልበስ ይጀምራሉ። «ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ሸሚዝ ደርብልኝ።» አንድ ጊዜ እኔ በዚያ ሙቀት ሦስት ሸሚዝ ለብሼ፣ ባለቤቴ የሰው ጥቅልል ላይ ተቀምጣ ፈታሹ መጣ። «መምህር ነህ?» አለኝ፤ እጄ ላይ መጽሐፍ አይቶ ነው። ነኝ አልኩ። «ይሞቃል አይደል?» አለኝና አለፈ። ሴትዮዋ ስንወርድ አንዱን ሸሚዝ ተወችልኝ። ለዓመታት ለብሼዋለሁ።

ሁለተኛው ሐሙስ አዲሱ ገበያ ሄድኩ። የጎጃም መንገድ በዚያ ነው የሚወጣው። እዚያ ቡና ይዤ የሚያልፉትን መኪኖች ሳይ የመጀመሪያ ምድቤ ትዝ ይለኛል። ሞጣ። ዕጣ አውጥቼ «ሞጣ» የሚል ሲደርሰኝ ካርታ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ የጂኦግራፊ መምህር ልሆን! አውቶቡሱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሹራቤን አወለቅኩ። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ላይ ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ደጋ፣ በረሃ፣ ደጋ፣ በግማሽ ቀን። በኋላ የአየር ንብረትን ሳስተምር ሁልጊዜ ከዚያ ሹራብ ነበር የምጀምረው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ማታ ማታ በፋኖስ እናቶችን «ሀ፣ ሁ» አስቆጥራለሁ። እኔ አስራ ሰባት ዓመቴ፣ እነሱ «የኔታ» ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ ባሎች አንዱ ሰባራ ድልድይን ላሳይህ አለኝ። ከሞጣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው፣ ወደ ዓባይ ቁልቁል። የፋሲል ዘመን የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ መሃሉ ተሰብሮ ቀርቷል። ሰው የሚሻገረው በገመድ ነው። ወገብህን ያስሩሃል፣ እዚህ ማዶ ያሉት ይለቃሉ፣ እዚያ ማዶ ያሉት ይጎትታሉ። ከሥርህ ዓባይ ነው። አንዲት ሴት በጀርባዋ ዶሮ አዝላ ስትሻገር ቆሜ አየሁ። ዶሮዋ እንኳ አልጮኸችም። «የኔታ፣ ይምጡ» አሉኝ። «ዛሬ ጾም ላይ ነኝ» አልኩ። ምን አገናኘው? እነሱም እንደዚያው አሉ። ሳልሻገር ተመለስኩ። ድልድዩ ከዓመታት በኋላ ተጠገነ ሲባል ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቆጨኝ።

እነዚህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ከሥራ ስገባ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ነው። የነገርኩት ለልጅ ልጄ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሳመጣው፣ በእግር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሰባራ ድልድይን ስምንት ጊዜ ያህል አስነግሮኛል። «አባባ፣ እኔ ብሆን እሻገር ነበር» ይላል ሁልጊዜ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ባለቤቴና እኔ እሱን ይዘን ድሬዳዋ ሄድን። በአዲሱ ባቡር፣ ከፉሪ ለቡ። ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ልበል። መታወቂያችሁን አትርሱ። የደም ግፊት ኪኒናችሁ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ እኔ ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ሻንጣው ከስንት ሰው ዕቃ ሥር ገባ። የድሬዳዋ ጣቢያም እንደ ድሮው መሃል ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ የሚያወርድ አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ለባጃጁ ዝርዝር ያዙ። የበዓል ሰሞን አትሞክሩት። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ እንደ ድሮው ሌሊት አያድርም። እንቁላል በመስኮት የሚሸጥ የለም። ባለቤቴ ይህን አውቃ ኖሮ ከቤት አሥር እንቁላል ቀቅላ ይዛ ነበር፤ ለጎረቤት ወንበሮችም አደለች።

መተሃራ አካባቢ የፈንታሌ ተራራ ታየ። ባለቤቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ፤ ምንም አላለችም። እኔ ለልጁ «ያ እሳተ ገሞራ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከሥሩ ያለው በሰቃ ሐይቅ እኛ እያለን እንዴት ዓመት ባመት እየሰፋ ወደ ሐዲዱ እንደመጣ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ዝዋይ። ላንጋኖ። አብያታ። ከሁሉም ጥልቁ ሻላ። ሐዋሳ። አባያ ለምን ቀላ እንደሚል፣ አፈሩን ወንዞቹ እንዴት እንደሚያመጡበት። ጫሞ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ ሳየው ተኝቷል፤ የእንቁላል ቅርፊት በእጁ እንደያዘ።

ዝም አልኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ቀና አሉ።

«ይቀጥሉ እንጂ መምህር» አሉኝ። «እኔ እየሰማሁ ነው።»